የውጅግራው ዕዳ

አራዳ ጊዮርጊስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለአቶ ገነነ፣ ድሬዳዋ።

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ ደኅና እንደሆነ ከነጋዴዎች ሰምቻለሁ። እኔንም ቁጣዬ አቁሞኛል። አንቱ ማለቱን ትቼዋለሁ። የሚጽፉልኝ መሪጌታ ተክለሃይማኖት «ኧረ ልጄ፣ ባልሽ ነው፤ አለዝቢው» ይሉኛል። ካለዘቡት ሌላ ጸሐፊ እፈልጋለሁ ብላቸው እንዳልኩት እየጻፉ ነው።

«የተኮሰች እጅ ትክፈል» ብለህ ስለ ሙግቱ ወጪ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ውጅግራ ጠመንጃው ያንተ፣ ሱቁ ያንተ፣ አቡጀዲው ያንተ! «ዘበኛ መቅጠር ገንዘብ መጣል ነው፤ አንቺ አለሽ» ብለህ መተኮስ ያስተማርከኝም አንተ ነህ። ዕዳው ሲመጣ ነው የእኔ የሆነው?

ያ ፈቀደ የሚባል ሰው ጎህ ሲቀድ የሱቁን በር ገንጥሎ ገጀራ ቢያነሳብኝ እግሩን መታሁት። ዳኛው «ነፍስሽን ነው ያዳንሽው፤ ጥፋት የለብሽም» አሉኝ። እፎይ ሳልል ሰውየው የእግሬን ካሳ ብሎ እንደገና ከሰሰኝ። ነጻ ነሽ የተባልኩት እኔ ለጠበቃና ለጸሐፊ ስከፍል የአንገቴን ወርቅ ሸጬ ጨረስኩ።

እሱ መቆም ስላልቻለ እህቱ ምብራት ቆመችለት። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ እንደ ሙግት ሥርዓቱ ነጠላችንን ቋጥረው አቆራኙን፤ ፍርድ እስኪሰጥ አብረን ዋልን፣ አብረን አደርን። መጀመሪያ ፊት ነሳኋት። አንድ ቀን እየበላን ሳለ፣

«ወንድሜ ሌባ አይደለም» አለችኝ። «በሐረር መንገድ የባልሽን አጋሰስ ሲነዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዙን ተከልክሎ ነው።»

«ታዲያ ገጀራ ምን አመጣው?»

«ባልሽ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ከፍሎ ያውቃል?»

አውቅሃለሁና አፈርኩ።

በማግስቱ ሁለታችንም ዳኛው ፊት ቀርበን «ጠባችን ከባለሱቁ ነው» አልን። እሳቸውም «የእግሩንም ካሳ፣ የሙግቱንም ወጪ ባለሱቁ ቀርቦ ይመልስ» ብለው ነጠላችንን አስፈቱልን።

ይህን ደብዳቤ የሰጠህ ባለምርኩዝ ፈቀደ ነው፤ መልኩን ካልረሳኸው። ኩታህን ከኩታው ቋጥሮ ዳኛው ፊት ያመጣሃል። እምቢ ብትል ገበያ መሀል ይጮህብሃል። የባቡሩን የሁለታችሁንም የምትከፍል አንተ ነህ።

ጊዮርጊስ በሰላም ያግባህ። ጋቢ ደርበህ ና፤ ብርዱ ዘንድሮ ክፉ ነው፣ ደረትህንም አውቀዋለሁ። አዝኜልህ አይደለም፤ ታምሜአለሁ ብለህ ቀጠሮ እንዳታስተላልፍብኝ ነው።

ሚስትህ የሺዓለም