ሮቦቱ በእርስዎ አረማመድ ሄደ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዳሌዎን እንዴት አደረገዎት? ብርዱ ሲመጣ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ይይዝዎታል ወይስ ሐኪሙ የሰጠዎት ቅባት ትንሽ አስታገሰልዎ? የእማዬ ግፊትስ እንዴት ነው? ጨው ቀንሺ ሲሏት እሺ ብላ፣ እርስዎ ዞር ሲሉ እንደምትጨምር እዚህ ሆኜም ይታየኛል። እህቴ ከነልጇ፣ ወንድሜ ከነጫጫታው፣ አክስቴ ከአጥሩ ማዶ፣ የሚያፈሰው የወጥ ቤት ጣሪያ ሳይቀር እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከእናንተ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። የእናንተ መጉደል ግን፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ በዚህ ሰሞን ጸንቶብኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉኝ ይሆናል። እኔና እርስዎ በስልክ እንዴት እንደምንነጋገር ያውቁታል። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ።" "ሥራ እንዴት ነው?" "ደህና ነው።" "በል እናትህን ላቅርብልህ።" አለቀ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚህ አላለፍንም። በዚያ ላይ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ቤተሰቡ በሙሉ ከቦ ይሰማል። ዛሬ የምነግርዎት ነገር ግን የሁለታችን ነው። እሑድ ነው፤ ልብሴን አጥቤ መስኮቱ ላይ አስጥቻለሁ፤ ጎረቤቶቼ ገበያ ወጥተው ፎቁ ጸጥ ብሏል። እህቴ ፖስታውን ሳትከፍት እንድትሰጥዎት ጀርባው ላይ በትልቁ ጽፌላታለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና መጀመሪያ ብቻዎን ያንብቡት። ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚያነቡት እርስዎ ያውቃሉ።

"ምን ፋብሪካ ነው የምትሠራው?" ብለው በጠየቁኝ ቁጥር "የብረት ነገር ነው" እያልኩ አልፌዎታለሁ። ግማሹ ውሸት ነው። የምሠራው ፊልም የሚሠራበት ቦታ ነው። አውሮፕላን የሚያስገባ አዳራሽ አለ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። በጨርቁ ፋንታ በኋላ በኮምፒውተር ከተማ ያስገቡበታል። የፊልሙ ታሪክ ገና ስላልመጣ ዘመን ነው። ሮቦቶች ተነሥተው ከተማ ያፈርሳሉ፤ አንዱ ሮቦት ግን ጓደኞቹን ከድቶ ከሰዎቹ ጋር ይቆማል። ያንን ሮቦት የምንሠራው እኛ ነን፤ እኔ፣ ስድስት ባልደረቦቼና አለቃችን። አለቃችንን "ሙጫ" ነው የምንለው። እጁ ላይ ያለው ሙጫ ሳይደርቅ ሰላም ስለሚል የጨበጠው ሰው ቶሎ አይላቀቅም።

ሮቦቱን ቢያዩት ያዝናሉ። ከሩቅ ሲያዩት ታንክ የሚያክል ብረት ይመስላል፤ እንደ ልማድዎ በጣትዎ አንኳኩተው ድምፁን ሊሰሙ ቢቀርቡ ግን ጣትዎ ሰመጥ ይላል። ደረቱ ስፖንጅ ነው፤ ትከሻው ፕላስቲክ፤ ብሎኑ የጠርሙስ ክዳን። ዝገቱን በቀለምና በሰጋቱራ እንቀባዋለን። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ዝገት ሲፍቁ ኖሩ፤ ልጅዎ ዝገት እየቀባ እንጀራውን ይበላል። ከውስጥ ያለው አጽም ግን፣ ያን ሁሉ የሚሸከመው ቀጭን ቱቦ፣ እውነተኛ ብየዳ ነው። እሱን የምበይደው እኔ ነኝ። ሙጫ የመጀመሪያ ቀን ብየዳዬን በጥፍሩ ዳሰሰና "የት ተማርከው?" አለኝ። "ከቤታችን ጀርባ፣ በርና መስኮት ስንሠራ" አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ብየዳው በሸተተኝ ቁጥር የእርስዎ ጓሮ ውስጥ የቆምኩ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ፤ "ጨብጠህ ያዘው እንጂ" የሚለኝ ሰው ግን ከኋላዬ የለም።

ሮቦቱ ሰው ውስጡ ገብቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። የሚገባው "ዘላዩ" የምንለው የሰርከስ ሰው ነበር። ከጣሪያ ተወርውሮ በእግሩ የሚቆም፣ አየር ላይ ሁለቴ የሚገለበጥ ጉድ ነው። ፍልሚያውን ሁሉ እሱ ሠራው፤ እኛም አፋችንን ከፍተን አየን። ችግሩ የመጣው ፍልሚያው አልቆ ሮቦቱ ዝም ብሎ መራመድ ሲኖርበት ነው። በታሪኩ ሮቦቱ ዳሌው ላይ በመድፍ ይመታል፤ በዚያ ቁስሉ አንዲት አሮጊት ተሸክሞ ከሚፈርስ ሕንፃ ያወጣል። ዘላዩ አራት ቀን ሙሉ ሞከረው። ሁላችንንም የምታዘው ዳይሬክተሯ ስትናደድ ድምፅዋ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሴት ናት። አራቱንም ቀን በሹክሹክታ "ቆንጆ ነው፤ ግን አላመንኩትም" አለች። በአምስተኛው ቀን ዘላዩ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጣ። ከፎቅ ሲዘል ምንም የማይሆነው ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ሲመጣ ከብስክሌት ወድቆ ተሰብሯል።

የመብራት ሠራተኞቹ መብራታቸውን ለማስተካከል በዘላዩ ቁመት የሆነ ሰው ልብሱን ለብሶ እንዲቆምላቸው ፈለጉ። ሙጫ በጣቱ እኔን ጠቆመ። አለበሱኝ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ማጣበቂያና የሌላ ሰው ላብ ይሸታል። የሚታየው አንገቱ ላይ ባለች ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ እንደ ዝንብ ትጮኻለች። "ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ድረስ ተራመድ፤ ዳሌህ የተመታ ነህ፤ መብራቱን ይለኩብሃል" አሉኝ።

ተራመድኩ። አስቤበት አይደለም። ዳሌህ ተመትቷል ሲሉኝ እግሬ የሚያውቀው አንድ አረማመድ ብቻ ሆኖ ነው። ግራ እግር ይቀድማል። ከዚያ ግማሽ ትንፋሽ ያህል ይቆማል። ከዚያ ቀኙ ማጠፊያው እንደ ረገበ በር ከዳሌ ዞሮ ይመጣል፤ ትከሻ ዝቅ ይላል፤ መዳፍ ጭን ላይ ያርፋል፤ ዓይን ግን ከፊት አይነሣም። መሰላል ላይ የነበሩት ሰዎች እጃቸውን እንደ ሰቀሉ ቀሩ። ዳይሬክተሯ መጥታ አፏን አንገቴ ላይ ካለችው ቀዳዳ አስጠግታ "ማን አስተማረህ?" አለችኝ። "አባቴ" አልኳት። "ተዋናይ ናቸው?" "የለም፣ በር ሠሪ ናቸው።" ወደ ካሜራው ተመለሰችና "ድገመው" አለች።

እንዲህ ሆኜ ብየዳዬን ትቼ ሮቦት ሆንኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከቧንቧ በሚወርድ ዝናብ ስር የእርስዎን አረማመድ ሄድኩ። የተሸከምኳት አሮጊት ከማስተማር ጡረታ ወጥታ ትወና የጀመረች ቀጭን ሴት ናት። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ሁልጊዜ በጆሮዬ በኩል "እንዳትጥለኝ ልጄ፤ የልጅ ልጆች አሉኝ" ትለኝ ነበር። ስፖንጁ ውኃ ሲጠጣ እንደ ሲሚንቶ ይከብዳል። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር አባባ። ሰባት ዓመት ስናፍቅዎት ኖሬ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ከእርስዎ ጋር የዋልኩ መሰለኝ።

ደስታዬን የወሰደው ዘላዩ ነው፤ ክፉ አስቦ ግን አይደለም። ክንዱ ሲድን በፊልሙ ቀጣይ ክፍል የሚጫወተው እሱ ስለሆነ "አስተምረኝ" ብሎ መጣ። ሁለት ቀን አስተማርኩት። ዓለም ያጨበጨበለት ሰው አልሆነለትም። በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀመጠና "አሁን ገባኝ" አለኝ። "እኔ የማነክስ እያስመሰልኩ ነው። አባትህ ግን የሚያነክሱ ሰው አይደሉም፤ ማነከሳቸው እንዳይታይ የሚታገሉ ሰው ናቸው። ከማን ነው የሚደብቁት?"

እዚያው ትቼው ተነሣሁ። ብየዳ ክፍል ገባሁና ጭምብሌን አውርጄ ተቀመጥኩ፤ የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም።

አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁትን፣ እንደሚያውቁም እኔ የማውቀውን፣ ግን አፍ አውጥተን ያልተነጋገርንበትን ነገር ልጻፈው። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ያንን የመጋዘን በር ሲሰቅሉ ከመወጣጫው ከወደቁ ዓመትም አልሞላዎትም ነበር። በእረፍት ሰዓት ልጆቹን ለማሳቅ ብዬ ዳሌዬን አጣምሜ፣ ጭኔን በመዳፌ ይዤ፣ ከክፍላችን በር እስከ ውኃ ቧንቧው ድረስ እንደ እርስዎ ሄድኩ። ሳቁ። ስለ ሳቁልኝ ደገምኩት። ሦስተኛውን ስዞር እርስዎ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የረሳሁትን የሒሳብ ደብተር ይዘው። ደብተሩን ለዘበኛው ሰጥተው ዞሩ። ከጀርባዎ አየሁዎት፤ ቀጥ ብለው ለመሄድ ሲታገሉ። እራት ላይ የጠየቁኝ "ደብተሩ ደረሰህ?" ብቻ ነው። "ደረሰኝ" አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ትምህርት ቤቴን አልረገጡም፤ ካርድ ለመቀበል እንኳ እማዬን ይልኩ ነበር። ሰው "ባልሽ የት ሄዶ ነው?" ሲላት "ሥራ በዝቶበት" ትል ነበር። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከማን ነው የሚደብቁት ላለኝ ሰው መልሱ እኔ ነኝ። ደንበኛ "ይህ ሰው መሰላል አይወጣም" ብሎ እንዳይሸሽዎት ትንሽ ይታገሉ እንደነበር አውቃለሁ። የቀረውን የጨመርኩብዎት ግን እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ይቅር ይበሉኝ እላለሁ። ይቅርታውን ለመጠየቅ የብረት ልብስ ያስፈለገኝ ፈሪ ልጅ ነኝ፤ እሱም ብረት አይደለም።

ሁለተኛ ጥፋትም አለብኝ። ሳላስፈቅድዎት አረማመድዎን ሰጠሁ። የተቀረጸውን መመለስ አልችልም፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ዳይሬክተሯ ፊልሙ ሲያልቅ ከሠራተኞቹ ስም ጋር "አረማመዱ የእሳቸው ነው" ብላ የእርስዎን ስም ልታስገባ ፈልጋለች። "ሳልጠይቃቸው አይሆንም" አልኳት። እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቃለች። እሺ ካሉ ሙሉ ስምዎን በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። እንቢ ካሉም መብትዎ ነው፤ ቦታው ባዶ ይቀራል እንጂ የእኔን ስም አላስገባበትም።

ባለፈው ሐሙስ የመጨረሻው ቀረጻ ከቀትር በኋላ አለቀ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ ሙጫ አቅፎኝ እንደ ልማዱ ተጣበቀብኝ። ልብሱን ካወለቅኩ በኋላም እግሬ ያንን አረማመድ አልለቅም ብሎ አውቶቡሱ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ስገባ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ተነሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ። "ደህና ነኝ" ልላት አፌን ከፍቼ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ከእርስዎ ጋር አውቶቡስ ስንሳፈር ሰው ሲነሣልዎ "ቅርብ ነው የምወርደው" ይሉ ነበር፤ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ የምንሄድ ቀን እንኳ። እኔ አጠገብዎ ስላለሁ ነበር አይደል? አመስግኜያት ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ያመመኝ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ።

በሉ እንግዲህ ሰላምታዬን ለየቤቱ ያድርሱልኝ። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ካነበቡላት ግን ኪሎ መቀነሴን የጻፍኩባትን ይህችን መስመር ይዝለሉልኝ። እህቴን ፖስታውን ስላልከፈተች አመሰግናታለሁ፤ ከፍታው ከሆነም ምሬያታለሁ። ለልጇ የሮቦቱን ዓይን፣ ያችን ቀይ አምፖል፣ ይዤላት እመጣለሁ። ወንድሜ "ይተኩሳል ወይ?" ማለቱ አይቀርም፤ ይተኩሳል፣ ልምምድ ላይ ግን ድምፁን የምናወጣው በአፋችን ነው ብለው ይንገሩት። አክስቴን ከአጥሩ ማዶ በጥሪም ቢሆን ሰላም ይበሉልኝ።

ለእርስዎ አንድ ነገር ቀረኝ። ስሄድ "ከቤት እንሰነባበት፤ አውቶቡስ ተራው ግፊያ ነው" ያልኩዎት ግፊያ ፈርቼ አልነበረም። ጓደኞቼ እንዳያዩዎት ነበር። እርስዎም ገብቶዎት እሺ አሉኝ። አሁን ፈቃድ አግኝቼ የካቲት አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ያን ቀን እባክዎ አውቶቡስ ተራው ድረስ ይምጡ። ወርጄ ሻንጣዬን መሬት እስካስቀምጥ ይጠብቁኝና ከበሩ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ወደ እኔ ይምጡ። አይቸኩሉ፤ ምንም አይደብቁ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አባቴ መጡ" እላለሁ።

የሚናፍቅዎት የበኩር ልጅዎ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ መንገዱን ከሚያየው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን