ከዳሱ ወጥቼ የሄድኩ እሑድ

ውድ የልጄ አባት፣

እንደምን አለህ ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ። ስለዚህ በወሬ ልጀምር፤ ወሬ መቼም አያልቅብኝም። ሽመላዎቹ ዘንድሮም መጡልህ! እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ሸምበቆው ውስጥ ጎጆ ሠርተው ሦስት ጫጩት ፈልፍለዋል። አስቀያሚነታቸው ደግሞ! አናታቸው ላይ ያለው ላባ እንዳንተ የጠዋት ፀጉር ቆሟል።

ሳምንቱን ሙሉ ፎቶ ቤትህ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ስታነሳ ትከርምና እሑድ ሲሆን፣ "ተነሽ፣ ፈገግ በሉ የማልላቸው ደንበኞቼ ዘንድ እንሂድ" ትለኝ ነበር። የኔ ሥራ መሄድ ብቻ ነበር። ሁለታችንም ወፎቹን ተደብቀህ የምታነሳበት ሸራ ዳስ ውስጥ እንገባለን፣ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ። ሽመላ መቁጠር አይችልምና ዳሱ ባዶ የቀረ ይመስለዋል፤ ወደ ጎጆው ይመለሳል። "እስክጠራሽ እንዳትመጪ፤ ሰማይ ቢደፋ እንኳ እንዳትመጪ!" ትላለህ። እኔም መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሹራብ እየሠራሁ፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ወሬዬን እሰልቃለሁ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። የመጨረሻዋ እሑድ፣ ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ ሽመላዎቹ ድንገት ከጎጆው ብድግ አሉ። አየኋቸው። ጭልፊት መጥቶ ይሆናል አልኩ። ሽቅብ ብመለከት ጭልፊት የለም። ዳሱን እየዞሩ ይጮሁ ነበር። ወፍ እንዲህ የሚሆነው ዳሱ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ አስተምረኸኛል። እኔ ግን ብመለስ ይቆጣኛል ብዬ ሹራቤን መሥራቴን ቀጠልኩ። ጥሪህን ጠብቄ ጠብቄ ስመጣ ቀዝቅዘህ አገኘሁህ። ለሐኪሙም ለዘመዱም "ምንም ምልክት አልነበረም" አልኩ። ነበረ እኮ! ልብህ ከድቶህ ስትወድቅ ወፎቹ ነግረውኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ካሜራህን ይዤ ሄድኩ። ጀምረህ የተውከውን የጫጩቶቹን አልበም ልጨርስልህ ብዬ ነው። ብቻዬን ብገባ ስለማይመለሱ ልጃችንን ለመንኳት።

"እማዬ፣ አንቺ ደግሞ አፍሽን ዘግተሽ ልትቀመጪ?" ብላ ሳቀችብኝ፤ መጣች ግን።

አብረን ገባን፣ እሷ ወጣች። "እስክጠራሽ እንዳትመጪ" አልኳት።

እናትየዋ ሽመላ መጣች። ጫጩቶቹ ምንቃሯን እየጎተቱ፣ እየተገፋፉ፣ ዓሣ ስታጎርሳቸው ዓይኔ እንባ ሞላ። አንድም ሳላነሳ የሌንሱ ክዳን ከእጄ አምልጦ ቆርቆሮ ሳጥንህ ላይ ጓ አለ። ወፎቹ በረሩ።

ደቂቃ አልሞላም። ልጃችን አንድ እግር ጫማዋን ጭቃ ውስጥ ትታ መጣች።

"እማዬ! እማዬ!"

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆንሽ? አትምጪ አላልኩሽም?"

"ወፎቹ ሲነሱ አየኋ! አንድ ነገር የሆንሽ መስሎኝ ነዋ!"

ስለ ወፍ ምንም የማታውቀው ልጅ!

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ጭቃ የነካ እግሯን በቀሚሴ እየጠረግሁ ነገርኳት።

"ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ያዝሽው?" አለች። ተቃቅፈን አለቀስን።

ፎቶው የለም። ከድንጋዩ እስከ ዳሱ ያለው መንገድ በሐሳቤ ሁልጊዜ ሩቅ ነበር፤ ብሮጥም አልደርስም ነበር እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ልጅህ ግን በአንድ ትንፋሽ ደረሰች። ያን ያህል ቅርብ ነበርክ። ብትቆጣኝም መምጣት ነበረብኝ፤ ይቅር በለኝ።

ቁጣህን ፈርታ የቀረች፣
ወሬኛዋ ሚስትህ