ቆንጆው ሐኪም ያልነገረን

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ሱቅ ዋልን። የሰሊጥ አጫጆቹ ከመፋዛ እርሻዎች በጭነት መኪና ገብተው የገዳሪፍ ገበያ ጢም ብሏል። እትዬ ናጂያ አዲስ የመጣ የሰሊጥ ዘይት አሸተተች፣ “ደህና ነው” ብላ ተቀበለች። ጀሪካኑን ስከፍተው... የከረመ ዘይት። ገማኝ። ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት በአፍንጫዋ የነገደች ናት። ደክሟት ይሆናል። ምንም አላልኩም። እሷ ያለችው ላይ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤቷ እየሠራሁ ስኖር።

ከመግሪብ በኋላ በቴሌቪዥን የሐኪሞቹ ተከታታይ ድራማ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ግቢያችን ተሰበሰቡ። ነገሩ ስለ ኮሮና ነው። የሐኪሙ ስም ሌላ ነው፤ እኛ ቆንጆው እንለዋለን። ዛሬ አንዲት ሙሽራ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ሁለቴ አሳለችና ወደቀች። ቆንጆው ከሩቅ አይቷት አወቀ።

“ይሄ ሰውዬ እኔን ቢያየኝ ስንት በሽታ ያገኝብኝ ነበር!” አለች ባሕሪያ።

“አንቺን ቢያይማ ሥራውን ይለቃል” አለቻት እትዬ ናጂያ።

ባሕሪያ ጎረቤታችን ናት፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሁለቱ ከመተማ አብረው ነው ወደ ሱዳን የተሻገሩት፣ በልጅነታቸው፣ አንድ ቶብ፣ የሱዳን ነጠላ፣ በየተራ እየለበሱ። አሁንም እንደዚያው ናቸው። ሲሰዳደቡ ካልዋሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

እሑድ፣ ኅዳር 6

እትዬ ናጂያ ተኛች። ትኩሳት፣ ቁርጥማት። ወባ ነው አለ ሁሉም። በአጨዳ ሰሞን ገዳሪፍ ላይ የሚያተኩሰው ሌላ ምን አለ? ሳትመረመር የወባ መድኃኒት ገዝተን ሰጠናት።

ኮሮና ቢሆንስ? ራሴን ጠየቅኩ። ግን አላሳለችም። በተከታታዩ ሁሉም ያስላሉ፣ አንድም ሳያስል የታመመ የለም። ስለዚህ ወባ ነው።

ጠያቂ ከጠዋት ጀምሮ አልተቋረጠም። ሃያ ሦስት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ባሕሪያ ከአልጋው ራስጌ አትነሳም። መዲዳ ሠርታ መጣች፣ ቀጭን ገንፎ፤ እንዳያቃጥላት እያንዳንዱን ማንኪያ መጀመሪያ በራሷ ከንፈር እየለካች አጎረሰቻት።

“ምንም አይልም። ጨው የለውም” አለች እትዬ ናጂያ።

“ጨውስ እንደ ጉድ ነው። ወባው ምላስሽን በልቶት ነው እንጂ። ያ ምላስሽማ ትንሽ ቢያርፍ ምን ነበረበት!”

ሴቶቹ ሳቁ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ነበርን። መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱም ለአቧራው ተዘግቷል። እኔ በር ላይ ቆሜ ግቡ፣ ግቡ እላለሁ። የቤቱ ወግ ነው። ጠያቂን ከደጅ የመለሰ ቤት አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሿ ያልቃል። “ውሃ” ትላለች... ዝም... “አምጪ።”

ኢሀብን ጠራሁት። በአንድ ክሊኒክ ነርስ ነው፣ የሦስተኛው ቤት ልጅ። ሱዳናዊ ነው፤ ግን እኛ ጓሮ ነው ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ አያንስም። የአፍ ጭንብሉን አድርጎ መጣ። አጥቦ አጥቦ ጠርዙ ተተርትሯል። የቆንጆው ሁልጊዜ አዲስ ነው። በር ላይ ቆመ።

“እትዬ ሸጊቱ፣ አፍንጫዋ ያሸታል? ሽታ ትለያለች?”

ዘይቱ... ነገርኩት።

“መቼ ነው ይሄ?”

“ያለፈው ሳምንት ሐሙስ።”

“እና እስካሁን ዝም?”

“አላሳለችም እኮ።”

ራሱን ያዘ። ከዚያ ገብቶ ጣቷ ላይ የሚቆነጥጥ ትንሽ መሣሪያ አደረገ፣ ቁጥሩን አየ፣ ለኔ አልነገረኝም። ወደ ክሊኒኩ እንውሰዳት አልኩ። የኦክስጅን ሲሊንደራቸው አንድ ነው፣ አራት ሰው ተራ ይጠብቀዋል አለኝ። ከሠራተኛው ግማሹ ደግሞ ከድንበር የሚሻገር ስደተኛ ሊቀበል መንደር 8 መጠለያ ሄዷል።

“ማሽኑስ?”

“የቱ ማሽን?”

“በቴሌቪዥን ያለው... ጢጥ ጢጥ የሚለው።”

ሊስቅ ነበር፤ ተወው። “እሱ እዚያው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው ያለ፣ እትዬ። በሆዷ አስተኛት፣ ሳንባዋ ይከፈታል። መስኮት ክፈቺ። ከአንቺ በቀር ማንም አይግባ። ኸላስ፣ በቃ።”

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

በሆድ ማስተኛት። ለመናገር ቀላል። እትዬ ናጂያ ከባድ ሴት ናት፣ የአልጋው ገመድም ረግቧል። በመከዳ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ፣ በጉልበቴ... አላበኝ።

“እንደ... ዱቄት ጆንያ... አገላበጥሽኝ።”

ስድቧ ደስ አለኝ። መሳደብ ከቻለች ትንፋሽ አለ ማለት ነው።

በቴሌቪዥን የታመመች ሴት በጀርባዋ ነው የምትተኛው፣ ኩሏ ሳይለቅ። የሚሸና የለም። አንሶላ የሚያጥብ የለም። ዝንብ የለም። ከሁሉ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ “ከሦስት ቀን በኋላ” ይሉና ያልፋሉ። እኛ ሦስቱን ቀን የምናሳልፈው ደቂቃ በደቂቃ ነው፣ ጀርባዋ ከፍ ዝቅ ማለቱን እያየን። ይኼ ተከታታይ ቢሆን ማን ያየዋል?

ጠያቂዎች መጡ። በሩን ዘግቼ ቆምኩ።

“ምን አጠፋን? ቤቱ ያንቺ ነው እንዴ?” አለችኝ አንዷ። ሌላዋ፣ “እስክትሞት እየጠበቀች ነው መሰለኝ፣ ንብረቱን ልትይዝ...”

መወርወሪያውን አስገባሁ።

ባሕሪያ ዛሬ አልመጣችም። ደስ አለኝ፣ እሷን መከልከል አልችልም ነበር። ዘግይቶ ነው የገባኝ... ለምን አልመጣችም?

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ልጇ አማል በግድግዳው ላይ ጠራችኝ። ባሕሪያ ተኝታለች። ትኩሳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 23

ባሕሪያ ሞተች።

ስድስት ሰው ቀበራት። ኢሀብ አንዱ ነው። ለቅሶ የለም፣ ፍራሽ አልተነጠፈም። አማል ቶቧን ነክሳ ነው ያለቀሰች፣ ድምፅ ወደኛ እንዳይሻገር። ከዚያ በራችን ላይ መጣች። ሁለታችንንም በዐረብኛ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ነው የምትለን።

“ኻልቲ ሸጊቱ፣ ኻልቲ ናጂያ እንዳትሰማ። ከሰማች ትሞታለች። ወላሂ፣ በአንድ ወር ሁለት እናት አልቀብርም።”

ዓይኔን አላየችም። እኔም የሷን። ማን እናቷን እንዳስገባ ታውቃለች?

እሑድ፣ ኅዳር 27

እትዬ ናጂያ ዛሬ ተቀምጣ በላች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፦

“ባሕሪያስ?”

“ባሱንዳ ሄዳለች። ወንድሟ ዘንድ። ለአጨዳ።”

“በዚያ ወገቧ?”

“ለአጫጆቹ ልታበስል ነው።”

“ደውዪላት።”

“ኔትወርክ የለም እዚያ።”

“ሳትሰናበተኝ? ወንድ አግኝታ ነው!” ሳቀች። ሳቁ ትንፋሿን ቆረጠው፣ ጀርባዋን አሸሁላት።

በዕድሜዬ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። ለውሸት አፍ ነበረኝ ማለት ነው። ለዘይቱ ግን...

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1

ተከታታዩን እንክፈት አለች። ሁለታችን ብቻ አየን። ቆንጆው ከክፍሉ ወጣ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ “አዝናለሁ” አለ። ሚስትየዋ በግድግዳው ተንሸራታ ወረደች። ሙዚቃ። ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም!

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይደለም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፣ የሚይዛት ሰው በግራ በቀኝ ይቀመጣል። አሁን ሽማግሌዎቹ ከቤት አይወጡም። አማልን ጠየቅኳት፣ “እስክትድን” አለች። ኢሀብን ጠየቅኩት፣ “መርፌ ልውጋ፣ ይሄን አልችልም” አለኝ። እስክትድን... የዳነች ቀን ማን ይነግራታል? ዙሪያዬን አየሁ። ሌላ ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

በራሷ እግር እስከ በሩ ሄደች። ተመልሳ ቁጭ አለችና፣ “ቅዳሜ ባሱንዳ የሚሄድ መኪና አለ። እሄዳለሁ። ያችን ውሻ ጎትቼ አመጣታለሁ” አለች።

አማል፣ “ሌላ ነገር በያት፣ መንገዱ ተዘጋ በያት” ትለኛለች። ኢሀብም እንደዚሁ። አንድ ውሸት ጨምሪ። አንድ ብቻ።

ጀሪካን ሳጥብ ዋልኩ፣ የታጠበውን ደግሜ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ነገርኳት።

ጠዋት ነው። ልብሷን ለመንገድ እያጠፈች ነበር።

“እትዬ፣ ባሱንዳ አትሂጂ።”

“መንገዱ ተዘጋ ልትዪ ነው?”

“አይደለም። ባሕሪያ እዚያ የለችም።”

“የት ናት ታዲያ?” እጇ ቆመ። “ሸጊቱ፣ የት ናት?”

ቃል ፈለግኩ። የቆንጆው ቃል መጣብኝ፤ ሰው እንዴት “አዝናለሁ” ብሎ ሞት ያረዳል? “ኅዳር ሃያ ሦስት ቀበርናት” አልኩ። ልክ እንደዚህ። ደረቁን።

“ምን ነካት?”

“ያንቺው በሽታ።”

“ማን አስገባት?”

“እኔ። ግቡ ግቡ ያልኩ እኔ ነኝ። ዘይቱ እንደገማ አውቄ ያልነገርኩሽም እኔ ነኝ። ያን ቀን ብናገር...”

አልጨረስኩትም። አፏን ከፈተች፣ እሪ ልትል። ድምፅ አልወጣም። ደረቷ ተነሳ፣ እንደገና ሞከረች፣ ፉጨት የመሰለ ነገር ብቻ። ትንፋሿ ለለቅሶ አልበቃም። ቀሚሴን ያዘች።

“አንቺ... አልቅሺልኝ።”

“እኔ?”

“ጩኺ። ሼኹ ሐራም ነው ይላል... ይበል። ባሕሪያ እንደ ሌባ... በዝምታ አትሄድም።”

እናቴ ስትሞት እንኳ ድምፅ አላሰማሁም። ግቢው መሀል ወጣሁ። መጀመሪያ የወጣው የኔ አልመሰለኝም። “ባሕሪያ!” ከዚያ ሌላው በራሱ መጣ... “ወይኔ ባሕሪያ! ማንኪያውን በከንፈርሽ የለካሽው! በሬን የከፈትኩልሽ! በእጄ ያስገባሁሽ!” ሰፈሩ ሁሉ ይስማ። ይስማ!

ከግድግዳው ወዲያ አማል መለሰችልኝ፣ የታፈነው ሁሉ ወጣላት። ከዚያ ሦስተኛው ቤት። ከዚያ ሩቅ ያሉት፣ እያንዳንዷ በየግቢዋ። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልቀረም። እትዬ ናጂያ በሩ ላይ ተቀምጣ የበሩን እንጨት በመዳፏ ትመታለች፤ ባቆምኩ ቁጥር ትመታለች፣ ቀጥዪ ማለቷ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ድምፄ ተዘግቷል። ስናገር እንደ ወንድ ነው።

እትዬ ናጂያ ከዓርብ ወዲህ አላናገረችኝም። መድኃኒቱን ከእጄ ትቀበላለች፣ ፊቴን አታይም። ይቅር በዪኝ አላልኳትም። ምን ብዬ?

ተከታታዩ አልቋል አሉ። ቆንጆው አገባ፣ ሁሉም ድነው ሠርጉ ላይ ጨፈሩ።

ዛሬ ሦስት ሴቶች ለቅሶ መጡ። ግቢ ውስጥ አራርቄ አስቀመጥኳቸው፣ “እዚያ፣ አይ፣ ከዚያ ራቅ በዪ” እያልኩ። ያን ቀን “ንብረቱን ልትይዝ” ያለችኝም ከመካከላቸው አንዷ ናት፤ ዝም ብላ ባሳየኋት ተቀመጠች። እኔ ከእትዬ ናጂያ አጠገብ መሬት ላይ ነበርኩ።

“ያን ቀን ማን ነበረች ያለቀሰችው?” አለች ሴትዮዋ። “ድምፁን አላወቅነውም። አንጀት ነው የሚበላው። ከአገር የመጣች ዘመድ ናት?”

አንገቴን ደፋሁ።

“እኔ ነኝ” አለች እትዬ ናጂያ።

“አንቺ? በዚህ ትንፋሽሽ?”

“እኔ ነኝ አልኩሽ።”

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት፣ ሌላ አልጠየቀችም። እትዬ ናጂያ አሁንም ወደኔ አልዞረችም። እጇ ግን ትከሻዬ ላይ ነበር። መቼ እንዳሳረፈችው አላውቅም። ሴቶቹ ተነሥተው እስኪሄዱ አላነሳችውም፣ ከሄዱም በኋላ።