የአባባ ሞተር ሲፈታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬን ጉልበቷ ካልሆነ ሌላ የሚያማት የለም።

አሥራ ሁለት ዓመት ጓዳ የቆመውን የአባባን ሞተር ብስክሌት እያደስኩ ነው። አባባ የታመመ ዕለት ፒስተኑ ተጣብቆ አልነሣም እንዳለህ፣ በእግርህ ሄደህ ሐኪሙን እስክታመጣም አባባ እንዳለፈ አልረሳሁም። ስለዚህ መዶሻና ዘይት ይዤ ለትግል ነበር የቀረብኩት። ስፈታው ግን ፒስተኑ ጭረት እንኳ የለበትም፤ በጣቴ ስገፋው ሄደ። የጠፋው እሳት ጭሮ ሞተሩን የሚያስነሣው ካንዴላ ብቻ ነው፤ ቀዳዳው አቧራ እንዳይገባበት በንጹሕ ጨርቅ ተወትፏል። አይጥ ነው እንዳልል፣ አይጥ ከመቼ ወዲህ ነው ለሞተር የሚያስበው?

ትናንት እማዬ ያን ዕለት ለብሰኸው የነበረውን ኮት ከሳጥን አውጥታ ልታጥብ ስትል ኪሱ ውስጥ ካንዴላ አገኘች። «ይሄ የሞተሩ ነው እንዴ?» ብላ ሰጠችኝ። ካርቡራተሩን አጥቤ ካንዴላውን ቦታው ላይ አጠበቅኩት፤ በሁለተኛው እርግጫ ተነሣ።

እማዬ ድምፁን ሰምታ እየሣቀች ወጣች። «አየሽ፣ ልጄ ይሄ እንዳይጠፋበት ብሎ ነው ኪሱ የከተተው! እጁ ይባረክ!» አለች። አሜን አልኩ።

ምርቃቷን ሳልቀንስ ልኬልሃለሁ። መልስህን በርጋታ ጻፈው፤ ለእማዬ የማነብላት እኔ ነኝ።

ታናሽ እህትህ