ካሌሲታ ወደ አንቺ ያልመጣችበት ምክንያት

ለምወድሽ እናቴ ለሉሴያኔ፣

ሰላምታዬን ከእግርሽ ጥፍር ጀምሬ ወደ ላይ እወጣለሁ። ጥፍርሽ ደህና ነው? ጉልበትሽስ፣ ያ ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚለው? ወገብሽስ፣ የሰው አገር ሽማግሌና አሮጊት እያገላበጥሽ ስታጥቢ እንዴት ይዞሻል? ሆድሽን አልጠይቅም። ከአንቺ ዘንድ የመጣው ወይን ለቃሚው ማካ «ወይን እየበላች ራሷ በርሜል አክላለች» ብሎ ስለነገረን ሆድሽ ከእኔ ሆድ እንደሚሻል አውቃለሁ። ልብሽን ግን እጠይቃለሁ። ልብሽ እንዴት ነው እማዬ? ስልክ የማታነሺው አኩርፈሽ ነው ወይስ የዚያ የሰው አገር፣ የሚልዱራ ፀሐይ ስልክሽን አቀለጠችው?

እኛ ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው፤ የፊት ጥርሱ ወልቆ አሁን ሲቆጣ ያፏጫል፤ እኔም ፉጨቱን ለመስማት ስል ሆን ብዬ አስቆጣዋለሁ። እትዬ ላቪኒያም ደህና ናቸው። የአባት እህት ምን ይሆናሉ? እኛን ባዘዙ ቁጥር ይፋፋሉ። አሳማዋ ወልዳለች፤ ከግልገሎቹ ሁሉ አስቸጋሪዋን ሉሴያኔ ብያታለሁ። አትቆጪ፣ ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ያው ማካ ነው፤ ለወይን ለቀማ ሊመለስ ነው። የእጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽ፤ አስተማሪዬ «ቀለም ውስጥ የወደቀ ሸርጣን የሄደበት» ይለው የነበረው ነው። ትምህርቱን ከመሃል ጥሎ የወጣው ልጅሽ ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ ሊጽፍልሽ ተቀምጧል። እስቲ ሳቂ። ከዚህ በታች ያለው ግን አያስቅም። እህቴ ካሌሲታ ሚልዱራ ያለውን የነርስ ትምህርት ቤት ለምን እንደተወች አንቺ አታውቂም። እሷ አልነገረችሽም፣ አትነግርሽምም። እኔ ልንገርሽ።

የፈተና ውጤቷ የመጣ ዕለት እትዬ ላቪኒያ ቤተሰቡን ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው «ልጅቷ ነርስ ትሆናለች፤ የት እንደምትማር ዛሬ ይወሰናል» አሉ። በእኛ ወግ ወንድም እህቱ ባለችበት ክፍል አይቀመጥምና እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። በዓለም ላይ የማልቀልድባት ሰው ካሌሲታ ብቻ ናት፤ እሷ ባለችበት አፌ ይታሰራል። ስለዚህ የቤታችንን ወሬ ሁሉ የማውቀው በመስኮት በኩል ነው።

ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ነበሩ። ዋናው ከተማችን ያለው ዲፕሎማ ይሰጣል፤ ሲጨርሱ አገር ውስጥ ነርስ ናቸው፣ ባሕር ከተሻገሩ ግን እንደገና ተማሪ ይሆናሉ። ፊጂ ያለው ዲግሪ ይሰጣል፤ እዚያ ግን ሰው የለንም። አንቺ ጋ ያለውም ዲግሪ ነው፤ የጨረሰ ሰው እዚያው ተመዝግቦ ይሠራል። አባዬ «ዲግሪ የትኩሳት መለኪያ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ላቪኒያ «እኔ የምጠይቀው የትኛው ቆብ እንደሚያስደርግ ነው። ቆብ የሌላት ነርስ መድኃኒቷ አይሠራም» አሉ። እኔ በመስኮት «ምሳ የሚያበላውስ የትኛው ነው?» ስል ጫማ ተወረወረብኝ። የወረወረውን ሰው ስም አልጠራም፤ ብቻ ያፏጭ ነበር።

በደንብ የጠየቀችው ካሌሲታ ብቻ ናት። ጤና ጣቢያ ሄዳ እንዲህ እያለች የነርሷን ጆሮ ስታደርቅ ከርማለች፦ በሽተኛ አጠገብ የሚያቆሙን ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው ወይስ መጽሐፍ ብቻ ያሸክሙናል? መርፌ ስወጋ አስተማሪ አጠገቤ ይቆማል? ስጨርስ የምይዘው ወረቀት የትኛው አገር ይታመናል? መልሱን ሁሉ አንድ ባንድ ለአባዬ ዘረዘረችለትና «የሚልዱራው ይሻላል» አለች። ምክንያቷ ሁሉ ልክ ነበር። ስለ ትምህርቱ ስትናገር ድምጿ ቀጥ ያለ ነው። «የማድረውም እማዬ ጋ ነው» ስትል ግን ድምጿ ተሰበረ። እማዬ፣ ትምህርት ቤቱን በዲግሪው አልመረጠችውም። ማታ ከክፍል ስትወጣ የአንቺ በር ላይ ስለምትደርስ ነው።

ከዚያ ከትምህርት ቤቱ የሚደወልበት ቀን ደረሰ። ካሌሲታ ፀጉሯን ዘይት ተቀብታ ተጎንጉና፣ ለቤተ ክርስቲያን በቀሚሷ ላይ ለክብር የምትታጠቀውን ከሰሌን የተሠራ የወገብ ምንጣፍ ታጥቃ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። አባዬም ታጠቀ። እኔ በመስኮት «በስልክ አይታይም እኮ!» ስል እትዬ ላቪኒያ «ያልታጠቀ ሰው ድምፁ ያስታውቃል፤ ዝም በል አንተ!» አሉኝ።

የደወለችው ሴትዮ ክፉ አልነበረችም፤ እውነቱን ልናገር። ቀስ እያለች ነው የምታወራው። ስልኩ ጮክ ብሎ ስለተከፈተ ሁላችንም እንሰማለን። ለምን ነርስ መሆን እንደፈለገች ጠየቀቻት። ካሌሲታ «እናቴ አያቴን ስታስታምም አይቼ ነው» አለች። «የምታጥብበትን ውሃ መጀመሪያ በክርኗ ነክታ ትለካው ነበር። አያቴ ‹በረደኝ› ብላ አታውቅም።» ሴትዮዋ «በጣም ጥሩ» አለች። አባዬ በኩራት አፏጨ። ቀጥላም «እዚህ ስትመጪ ማደሪያሽ የት ነው?» አለቻት።

«እናቴ ጋ።»

ሴትዮዋ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። ከዚያ «እናትሽ ፋታይ ሞታለች ይላል እኮ እዚህ» አለች።

ካሌሲታም «አዎ፣ እናቴ ፋታይ ሞታለች። የማድረው እናቴ ሉሴያኔ ጋ ነው» አለች። ይህ ምን ያስደንቃል ብለን እርስ በርስ ተያየን። ሴትዮዋ ግን «ሉሴያኔን በስልክ አነጋግረናታል። አክስቷ ነኝ ነው ያለችን» አለች።

እማዬ፣ እኔ መስኮቱ ሥር ሆኜ ካሌሲታ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማኋት።

እትዬ ላቪኒያ «አክስቷማ እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው። አክስት የአባት እህት ናት፣ የእናት እህት ደግሞ፣ አንቺ የፋታይ እህት እንደሆንሽው፣ እናት ናት፤ ይህን ጡት ያልተወ ሕፃን ያውቀዋል። ለዚያች ሴትዮ ግን ማን ያስረዳት? እኔ አንገቴን በመስኮት አስገብቼ፣ ባለችኝ እንግሊዝኛ «እኛ እናት ብዙ! አንድ ሞተ፣ አንድ ሚልዱራ!» ብዬ ጮህኩ። «ያ ማነው?» አለች ሴትዮዋ። አባዬ «ዶሮ ነው» አላት።

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሳምንት ሙሉ እንስቅበት ነበር። ሴትዮዋ ራሷ ሳቀች። ሳቋን ጨርሳም «ችግር የለም፤ አክስቴ ናት፣ ተሳስቼ ነው በይኝና አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አለቻት። አንዲት ቃል ናት እኮ። እትዬ ላቪኒያ እጃቸውን እያወናጨፉ «በያት! እኔ ፈቅጃለሁ! አክስትነቴን ለዛሬ ትዋሰኝ!» ይላሉ። አባዬ አንገቱን ደፍቷል። ካሌሲታ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያንኑ ቀስ ያለ እንግሊዝኛዋን ተናገረች።

«አልተሳሳትኩም። እሷ እናቷ አይደለሁም ካለች እዚያ እናት የለኝም። እናት ከሌለኝ ማደሪያም የለኝም። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።»

ሴትዮዋ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀቻት። ካሌሲታ አመስግና ስልኩን ዘጋች። የወገብ ምንጣፏን ፈታች፣ በሥርዓት ጠቀለለች፣ ጥግ አቆመችው፣ ጎደሬ ልትልጥ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ፣ ማደሪያ የሌለው ተማሪ አንቀበልም ብለው ቦታዋን ለሌላ ሰጡት።

እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። አክስት ያልሽው ከልደት ወረቀቷ ጋር እንዳይጋጭና ልጅቷን እንዳይመልሱብሽ ብለሽ ነው። እዚያ አገር ለአንቺ የሚሆን ቃል ሌላ ስለሌላቸው ነው። ይህንኑ ለካሌሲታ ነገርኳት፤ አፌን አስጨንቄ፣ ያለ ቀልድ። ከጎደሬዋ ቀና ሳትል «አውቃለሁ» አለችኝ። «አውቃለሁ ፌሌቲ። ግን ጆሮዬ ሰማው።»

ለአንቺ ስትደውል «የአገር ቤቱን መርጫለሁ» ብቻ አለችሽ። አንቺም «ደግ አደረግሽ» ብቻ አልሻት። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ማካ ለዘመዱ ቀብር የመጣ ጊዜ ሁሉን ነገረን። ክፍሏን ራስሽ ቀለም ቀብተሽው ነበር፤ ቀይ አበባ ያለበት መጋረጃም ሰቅለሽላት ነበር። አሁን በሩን ዘግተሽ በዚያ በኩል አታልፊም አሉ። ሰው ሲጠይቅሽም «ልጄ ከእኔ ጋር መኖር ጠላች» ትያለሽ አሉ። እሷ እዚህ እናቴ ካደችኝ ብላ ታለቅሳለች፤ አንቺ እዚያ ልጄ ጠላችኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ። እኔ ዶሮው መሃል ላይ ቀርቻለሁ። ቀልድ እፈልጋለሁ፣ ከሁለታችሁም መሃል የሚወጣ ቀልድ አጣሁ።

ዕቃ ሞልተሽ በመርከብ በምትልኪልን በርሜል የላክሽላት ጥቁር ጫማ ትዝ ይልሻል? ለሚልዱራው ትምህርት ቤት ብለሽ የገዛሽው? የአገር ቤቱ ነጭ ጫማ ነው የሚለው። እትዬ ላቪኒያ «ነጭ ይገዛላት» ሲሉ ካሌሲታ «እማዬ የላከችልኝን ነው የማደርገው» ብላ ድርቅ አለች። እኔ ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑ በር ከሚቀባበት ቆርቆሮ ትንሽ ሰርቄ ጫማውን ነጭ አደረግኩት። ፓስተሩ «የበሩ ታች ለምን ሳይቀባ ቀረ?» ቢለኝ «የኔ ቢጤ ኃጢአተኛ ተንበርክኮ የሚገባበት ነው» አልኩት። ጫማው መንገድ ላይ ሳለን በእርምጃዋ ሁሉ ይሰነጣጠቅ ጀመር፤ ከጣቷ በላይ ጥቁሩ ብቅ ብቅ ይላል። አንዴም አልጠረገችውም፣ አልሸፈነችውም።

ጀልባው ላይ እሷ ከፊት፣ እኔ ሻንጣዋን ታቅፌ ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር ሄድን። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ መዝጋቢው ጆሮው ላይ አበባ የሰካ ወፍራም ሰውዬ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«የእናት ስም?»

«ሉሴያኔ።»

«የት ነው ያለችው?»

«ሚልዱራ።»

«የእኔም እህት እዚያ ናት፤ ሙቀቱ ገደለኝ ትላለች» አለና የልደት ወረቀቷን ገለጥ አደረገ። «ፋታይስ?»

«እሷም እናቴ ናት። ሞታለች።»

«ነፍሷን ይማር» አለና ሁለታችሁንም ጻፋችሁ። ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

ካሌሲታ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም። ያን የስልክ ቀን ያላለቀሰችውን ለቅሶ ሁሉ እዚያ አለቀሰችው። ሰውዬው ደነገጠ፤ «ምን አልኳት?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ወንድሟ ነኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ የእኔንም እንባ እንዳታይብኝ።

ያጣችውን አጥታለች፤ አላታልልሽም። ይህ ዲፕሎማ ባሕር አያሻግራትም። አንቺም ከዚያ አገር ከወጣሽ መልሰው አያስገቡሽም። መቼ እንደምትተያዩ የሚያውቅ የለም፤ ያጣችውንም ቦታ እኔ ደብዳቤ ጽፌ ልመልስላት አልችልም። ግን ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ወጥታ ትደውልልሻለች። አንሺላት። እንግሊዝኛሽን አሮጊቶችሽ ጋ ተዪውና በእኛ ቋንቋ አናግሪያት። በእኛ ቋንቋ፣ ብትፈልጊ እንኳን፣ ሌላ ነገር ልትሆኚባት አትችይም። ቃሉ የለንም።

አባዬ ሰላም ይልሻል፤ በፉጨት። እትዬ ላቪኒያ «የወሰደችውን አክስትነቴን በሚቀጥለው በርሜል ትላክልኝ» ይሉሻል፤ እያሉም ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አሳማዋ ሉሴያኔ የጎረቤት ካሳቫ ቆፍራ ታስራለች፤ እሷም ሰላም ትልሻለች። ለምታጥቢያቸው አሮጊቶች በሙሉ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ውሃውን በክርንሽ መለካትሽን አትርሺ። ካሌሲታ ሰላምታ አላከችም፤ መጻፌን አታውቅም። ግን ያን ጫማ እስካሁን ታደርገዋለች።

ልጅሽ፣
ዶሮው ፌሌቲ

ኦሆኑዋ፣ ኤዋ ደሴት፣ ቶንጋ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019