ከማንጎው ጥላ የተነሣው ሰልፍ

ለምወድሽም ለምፈራሽም እኅቴ፣ ለእታለም የሺሀረግ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግርሽ ጥፍር ደኅና ነሽ ወይ? ያ ቁርጥማት ተወሽ ወይስ አሁንም ዝናብ መምጣቱን ከሰማዩ ቀድመሽ ታውቂያለሽ? እማዬ መነን ዓይኗ እንዴት ሆነ? ማሙሽስ አድጎ ይሆን ወይስ እንደ አጎቱ አፉ ብቻ ነው ያደገው? ያ ዳተኛ በሬያችንስ እስካሁን ሰው እያየ ይተኛል? እኔ ከጫማና ከልብስ በቀር ምንም ሳይጎድለኝ በጤና አለሁ፣ እግዜር ይመስገን።

ሰንበቴ፣ አንቺ የቤቱ ደብዳቤ አንባቢ፣ እስካሁን ያነበብሽውን ጎረቤት ቢሰማው ግድ የለኝም። ከዚህ በታች ያለውን ግን በሩን ዘግተሽ፣ ድምፅሽን ቀንሰሽ ለእናትሽ አንብቢላት። ይሄን ስል እየቀለድኩ አይደለም። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ቢያስቸግርሽም አትሳቂብኝ፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

እታለም፣ ዋናውን ልንገርሽና ትንፋሽሽ ይመለስ። ባልሽ በሕይወት አለ። ለፋሲካ ግን አይመጣም። ባለፈው ደብዳቤዬ «ጋሼ አንለይ የሰፈራ አምባችን ሊቀመንበር ሊሆን ነው፤ ከሆነ የይለፍ ወረቀት ይሰጡታል፤ ቤቱን ለቅልቂ» ብዬሽ አልነበር? ጭቃውን አቡክተሽ ከሆነ የምትረግሚው እኔን ይሁን፤ እሱን ተዪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ሊቀመንበር የሚመረጠው በወረቀት አይደለም። ሜዳ ላይ ሁለት ካስማ ይተከላል፣ ሁለት ዕጩ በየካስማው ይቆማል፣ ሕዝቡ ከመረጠው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ሁለቱንም የሚያመጣቸው ፓርቲው ስለሆነ ከማንም ኋላ ብትቆሚ ያው ነው። የትናንት ሳምንት እሑድ አንደኛው ካስማ ሥር የቆመው ያንቺው ሃምሳ አለቃ ነበር። የኦጋዴን ኒሻኑን ደረቱ ላይ ደርድሮ፣ የፓርቲውን ዓርማ ከበላዩ ሰክቶ፣ ያቺን ጥይት ያገኛትን እግሩን እንኳ ቀጥ ብላ እንድትቆም የተቆጣት ይመስል ነበር። በሌላው ካስማ የመጋዘን ጠባቂው ቆሟል፤ እሱን የሚመርጠው የመጋዘኑ አይጥ ብቻ ነው።

ዘንድሮ የእኛም የእስላሞቹም ጾም ገጥሟል። ከከተማ የሚመጣብን ካድሬ፣ ጓድ ወርቅአፈራሁ፣ ንግግሩን ሲያንዛዛው ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ከሜዳው ዳር ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ የጎረቤታችን የጁምዓ አያት የተከሉት ነው። ጁምዓ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው። እኔ ሰነፉ ወንድምሽ ሹልክ ብዬ ጥላው ሥር ቆምኩ። ካድሬው አየኝና ከማን ኋላ ነው የተሰለፍከው ብሎ ጮኸብኝ። ከማንጎው ኋላ ነው ጓድ፣ እሱ ነጥብ ሳይጽፍብን ያበላናል አልኩት። እዚህ የጋራ ማሳ ላይ የዋልንበትን በነጥብ ይጽፉና በመከር እህሉን የሚሰፍሩልን በዚያ ነው። ስንት ነጥብ እንደሚጠፋ ደግሞ የጠፋበት ያውቀዋል።

ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አንዲት ጾመኛ አሮጊት «እኔም የማንጎው ነኝ» ብለው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ቀጥሎ ባልቴቷ ጎረቤታቸው፣ ከዚያ የሁለቱ ልጆች፣ ከዚያ ማን ማንን እንደተከተለ እኔም አላየሁ። ብቻ ዞር ስል ሰልፉ ሜዳውን አቋርጧል፤ ካስማዎቹ ዘንድ ሁለቱ ዕጩዎች ብቻቸውን ቀርተዋል። የሚስቅ ግን አልነበረም። ቀልዴ ከእጄ አምልጦ ሄዷል። ጓድ ወርቅአፈራሁ ይሄ የጫካ ሰዎች ሥራ ነው፣ ማን እንደላካችሁ ታወጣላችሁ እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ።

ያኔ ነው ጋሼ አንለይ የተንቀሳቀሰው። ዓርማውን ከደረቱ ነቅሎ ካድሬው ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አስቀመጠና እያነከሰ ወደ እኛ መጣ። እኔ ጋሼ ወደ ፊት ና ብዬ ብጠራው ኮስተር ብሎ «ወረፋ አለ» አለኝና ጭራው ላይ ሄዶ ቆመ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሽው!

ካድሬው በመኪናው ሲሄድ ሕዝቡ ጥላው ሥር ተቀምጦ ጋሼ አንለይን አንተ ተናገርልን አለው። እሱም እኛ የማንም አይደለንም፣ የፓርቲውም የጫካውም አይደለንም፤ የምንለው ለየጎጆው የራሱ ማሳ ይሰጠው፣ ዘመዱን ማየት ለሚሻም የመሄጃ ወረቀት አይከልከል ነው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማችን «የጥላው ሰዎች» ሆኗል። እቤት ስንገባ፣ የይለፍ ወረቀቱ እኮ እጅህ ሊገባ ነበር፣ የሺሀረግን ምን ልትላት ነው ብዬ ጠየቅኩት። «እህል ተቀበሉ ተብለን ወጥተን በዚያው ስንጫን እኔ ብቻ ነኝ ሚስት ጥዬ የመጣሁት? እዚህ ያለው ሁሉ የየራሱ የሺሀረግ አለችው» አለኝ። እኔ እንኳ እንዳንቺ ያለች ለአገሩ አንድ ትበቃለች ልለው ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት።

ሐሙስ ዕለት ሚሊሺያ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ማንጎውን ቁረጡ ተብለዋል። ጁምዓ ጋቢውን ጥሎ ሮጦ መጥቶ «ወላሂ ጓድ፣ ዛፍ ምን አጠፋች? ዛፍ እኮ ስብሰባ አይገባም» ብሎ ለመነ። አልሰሙትም። ዛፉ ሲወድቅ ጁምዓ ጉቶው ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ አልተነሣም። ለጋሼ አንለይ ደግሞ ቁርጡ ተነገረው፤ እሑድ ምርጫው ይደገማል፣ ወይ ካስማህ ሥር ትቆማለህ ወይ ላንድሮቨሩ ውስጥ ትገባለህ ተባለ።

በቀሩት ሁለት ቀናት ጫማውን ሰፋ፣ ጢሙን ተላጨ። ሙሽራ ሆይ ብዬ ብነካካው እንኳ አልሰደበኝም፤ ያኔ ነው የፈራሁት። ትናንት ኒሻኑን ሳያደርግ ወጣ። ካስማውን አልፎ ሄዶ በጠራራው ፀሐይ ጉቶው አጠገብ ቆመ። ጥላ የሚባል የለም፣ እታለም፣ ሕዝቡ ግን መጥቶ ከኋላው ተሰለፈ። ሚሊሺያዎቹ ክንዱን ይዘው ሲወስዱት በአጠገቤ ሲያልፍ «ለፋሲካ ወረፋዬ አልደረሰም በላት» አለኝ። ይኼው ብዬሻለሁ።

ላንድሮቨሩ ሲነሣ እኚያ ጾመኛ አሮጊት ከመኪናው ኋላ ሄደው ቆሙ። ምን ሆኑ ሲባሉ፣ ከመረጣችሁት ሰው ኋላ ተሰለፉ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም ወይ አሉ። መንገዱ ጎድጓዳ ነው፣ መኪናውም እንደ ኤሊ ነው የሚሄድ። አምባው በሙሉ በአንድ መስመር አቧራውን እየበላ እስከ ባምባሲ ከተማ ድረስ ተከተለው።

አሁን ያለነው እዚያው ነን። ጋሼን ያስገቡበት ግቢ አጥር ሥር እንደተሰለፍን አድረናል። ጓድ ወርቅአፈራሁ ወጥቶ እስከ ማታ ካልተበተናችሁ ከአሶሳ ኃይል ይመጣል ብሎናል። የተነሣ የለም። ከፊቴ የቆመው ጁምዓ ነው፤ ሰፋሪ አይደለህም፣ አንተን ማን ጠራህ ብዬ ብጠይቀው «ዛፏ የኔ ነበር» አለኝ። ይሄንን የምጽፈው ጀርባው ላይ ነው፤ በሳቀም በሳለም ቁጥር ፊደሌ የሚንጋደደው ለዚህ ነው። ቅድም በሩ ላይ ያለው ዘብ መጥቶ ሙላው የሚባለው ማነው አለ። እጄን አወጣሁ። ሃምሳ አለቃው በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ ሰልፋችሁ ተንጋዷል፣ ሙላው ያስተካክለው ብሏል አለኝና ሳቁን አፍኖ ተመለሰ። ሰልፉን አስተካክያለሁ፤ ጽሕፈቱን አልቻልኩም።

ይሄን የሚያደርስልሽ እስከ ደሴ የሚዘልቅ የእህል መኪና ሾፌር ነው፤ ጥሩንባውን እየነፋብኝ ነው። ሰጥቼው እስክመለስ ጁምዓ ቦታዬን ይጠብቅልኛል። እማዬ መነንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ከአሶሳ ስለሚመጣው ኃይል ግን አትንገሪያት። ማሙሽን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ከአጎትህ ነው በይልኝ። ሰንበቴ፣ ጎበዝ አንባቢዬ፣ ጨርሰሽ ስታበቂ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተቺው። አንቺ ደግሞ እታለም፣ ልቅለቃውን ጀምረሽው ከሆነ አትተዪው። ጨርሺው።

ወንድምሽ ሙላው
ባምባሲ፣ ከሰልፉ ላይ
ሚያዝያ 9 ቀን 1981 ዓ.ም.