ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ነበር

ውድ አባየ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልህ ከሽንፋ፣ ከአክስቴ ከእታለም ጎጆ ሆኜ ነው። ውጭ መኪና በተሰማ ቁጥር እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ፤ እማየን ሊወስዱ የመጡ እየመሰለኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። እማየ ነርስነቱን ተወችው። አዎ፣ እማየ! በሠርጓ ማግሥት ተረኛ ነኝ ብላ ሚዜዎቹን ጥላ ሄደች እየተባለ የሚወራባት እማየ።

አንተ ድሬሰር ሳለህ፣ ጠዋት የጤና ጣቢያው በር ሳይከፈት ሁሉንም ሠራተኛ ከዋርካው ሥር ታቆም ነበር፤ ማን አመመው፣ የትኛው መድኃኒት አለቀ፣ ማን ምን ይዟል እያልክ። ስታበዛው ጊዜማ እኔ "የአባየ ቅዳሴ" ብየ አሾፍብህ ነበር። አንተ ስትሞት ቅዳሴውም አብሮህ ተቀበረ።

አዲሱ ኃላፊ አፍ እንዳላቸው የምናውቀው ሲበሉ ብቻ ነው። የሚሉትን ሁሉ ጽፈው በር ላይ ይለጥፋሉ። "ማሳሰቢያ፦ ሠራተኛ በሰዓቱ ይገኝ።" "ማሳሰቢያ፦ ፋሻ ይቆጠብ።" ጓድ ማሳሰቢያ የሚል ስም አወጣሁላቸው፤ እማየ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ደብቃ ትቆጣኛለች። በአንተ ቦታ ሌላ ድሬሰር ስላልተላከ ያንተም ተራ በእሷ ላይ ወደቀ። የሰሊጥ አጫጆች ከደጋ ሲወርዱ ወባው ይጥላቸውና ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ እሷ ብቻዋን በመሀላቸው ትዞራለች። ረዳት ስጡኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች። መልሱ በር ላይ ተለጥፎ መጣ፦ "ማሳሰቢያ፦ ቅሬታ ማብዛት ሥራ ያስተጓጉላል።"

ባለፈው ወር ጓድ ማሳሰቢያ ለስብሰባ ጎንደር ሄዱ። የመድኃኒቱን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን ለዘበኛው ለአባ ደምሌ ሰጧቸው። ለእማየ አልነገሯትም። ለአባ ደምሌም "ለማንም እንዳይሰጡ" ከማለት ሌላ ምንም አላሏቸው። አባ ደምሌን ደግሞ ታውቃቸዋለህ፤ አደራ ከተቀበሉ የገዛ ስማቸውንም አይነግሩህም። በማግሥቱ በላይ የሚባል የጎጃም ልጅ፣ አጫጅ፣ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ገባ። የወባው መርፌ ከተኛበት አሥር እርምጃ አይርቅም። እማየ ቁልፉ ጎንደር የሄደ መስሏት መርፌ እንዲለምንላት ሰው በጭነት መኪና ወደ መተማ ላከች። አባ ደምሌ የግቢው በር ላይ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም ውስጥ ምን እንደተፈጠረ አላወቁም። በላይ ከቀትር በኋላ አረፈ። ቁልፉ አባ ደምሌ ኪስ እንደነበረ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጓድ ማሳሰቢያ ከጎንደር ሲመለሱ፣ ቅዳሜ በውይይት ክበቡ ግለ ሂስ አድርጊ አሏት። "ቁልፉ የት እንዳለ አልተነገረኝም" አለች። ያን ቀን የጓድ ማሳሰቢያ አፍ ተከፈተ፦ "ጓዲት፣ ሰፊው ሕዝብ እየሞተ ሰበብ ትደረድሪያለሽ!" ቸልተኝነት ተብሎ ተጻፈባት። አንዱ ደግሞ "አሻጥርም ሊሆን ይችላል" አለ። አባየ፣ በዚያች ቃል የተወሰዱ ሰዎች ሳይመለሱ እንደቀሩ አንተም ታውቃለህ።

ቤት ገብታ እጇን ታጠበች። እንደገና ታጠበች። ከዚያ መልቀቂያ ጻፈች። ወረቀቷ "አልተፈቀደም" ተብሎበት ተመለሰ። ጋዋኗን አጣጥፋ ለአባ ደምሌ ሰጠችና እኔን ይዛ በሰሊጥ መኪና ሽንፋ ገባች። አሁን ከአክስቴ ጋር ሰሊጥ ታጭዳለች። ማጭድ ስትይዝ መቀስ የያዘች ትመስላለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ሙሉ እስቅባት ነበር።

ዛሬ አባ ደምሌ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠው አቧራ ለብሰው መጡ። የዱቄት ወፍጮ ቤት ያደሩ ነው የሚመስሉት። የእማየ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ደግፋ አነሳቻቸው። ከኪሳቸው አራቱም ማዕዘኑ የተቀደደ ወረቀት አወጡ፦ "ማሳሰቢያ፦ ሲስተር ዘውዴ እስከ ነገ ሥራቸው ላይ ካልተገኙ ጉዳያቸው ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል።"

እማየ አንብባ፣ "በአፋቸው ያሉት ነገር አለ?" አለቻቸው።

"እሳቸው ምን ይላሉ የኔ ልጅ! በር ላይ ለጠፉት፣ እኔ ገንጥየ አመጣሁት። ብትመለሽ ይሻላል ብየ ነው፤ ሰዎቹን ታውቂያቸው የለ።"

"እስቲ አባ፣ ይንገሩኝ። ነገ ተመልሼ ስገባ ቁልፉ ከማን ዘንድ ነው?"

አባ ደምሌ መቁጠሪያቸውን አተኩረው አዩ። "እሱንስ አልነገሩኝም።"

እማየ ማጭዷን አንስታ ወደ እርሻው ሄደች።

አክስቴ ወደ ሱዳን ተሻገሩ ትለናለች። እማየ "ምን ሰርቄ?" ትላታለች። እኔ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ደግሞ ወባ አይደለም፣ ግንባሬን ዳብሼ አይቻለሁ። አባ ደምሌን ቁልፉ እሳቸው ዘንድ እንደነበረ ይመሰክሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል" አሉኝ። ለአደራው ሲሆን ዘበኛ፣ ለምስክርነቱ ሲሆን ሽማግሌ!

አባየ፣ አንተንም አልረሳህም፣ የሆነውንም አንድ ሳላጎድል ይዤዋለሁ፤ ማን ምን እንዳላት፣ ማን ምን ሳይነግራት እንደቀረ። ነገ ቢመጡ እሷን ተከትየ እሄዳለሁ። ቢጠይቁኝም ባይጠይቁኝም እናገራለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ እንዳትስቅብኝ።

ልጅህ ትርንጎ